ልጄ ሰልፍ ላይ ናት

እኔ ወሬ ማሳጠር አልችልበትም፤ ከጅምሩ ነው የምነግራችሁ። የቸኮለ ካለ ከአሁኑ ይሂድ፣ አልቀየምም።

ዘመኑ የደርግ ነው። ንፋስ ስልክ፣ ከዋናው አስፋልት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ከፋብሪካዎቹ ጀርባ፣ በቀበሌ ቤት እንኖር ነበር። እኔ ክር ፋብሪካ ውስጥ እሠራለሁ። ባለቤቴ ከበደ የአሰብ መንገድ ሾፌር ነው፤ መጣ ስትሉት ሄደ የሚባል ዓይነት ሰው። አንድ ልጅ አለችን፤ አልማዝ ትባላለች።

አልማዝ ስትወለድ የዓይኗ ነጩ ወደ ሰማያዊ ያደላ ነበር። ያየ ሁሉ «ውይ ሲያምር!» ይላል፤ እኔም በሆዴ እኮራለሁ። ለካ የበሽታው ምልክት ኖሯል! ገና መዳህ እንኳ ሳትጀምር ጨርቅ ስቀይርላት ጭኗ ተሰበረ። ቀጥሎ ክንዷ። ከሐኪም ሐኪም ስንዞር ከርመን በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ሐኪም አስቀምጠው አስረዱን። ልጅቷ ከማኅፀን ጀምሮ አጥንቷ ስስ ሆኖ ነው የተፈጠረው፤ እምብዛም የማይታይ ነገር ነው፤ መድኃኒት የለውም፤ ስታድግ ይሻላት ይሆናል፤ እስከዚያው ተጠንቀቁ አሉን። ከበደ መንገድ ላይ «አልማዝ የተባለ ነገር ይሰበራል እንዴ? አስመስለው ነው የሰጡን!» አለኝ። አውቶቡስ ውስጥ እያለቀስኩ ሳቅሁ።

ተጠንቀቁ ማለት ቀላል ነው። የኛ አገር ሰው ግን ልጅ የሚወደው በእጁ ነው። ጉንጭ ይቆነጥጣል፣ ብብት ይዞ ወደ ላይ ይወረውራል፣ ደረቱ ላይ ለጥፎ ይጨምቃል። አክስቴ ከወሊሶ መጥታ በናፍቆት ብዛት እቅፍ አድርጋ ስትስማት የልጄ ትከሻ ቀጭ ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ምስኪን አክስቴ፣ ከልጅቷ ይልቅ እሷን ማባበል ሆነ ሥራችን። ከዚያ ወዲህ ሰው እጁን ገና ሲዘረጋ «አትንኩብኝ!» ብዬ መሀል እገባለሁ። ሰፈሩም አላሳፈረኝም፣ «ወይዘሮ አትንኩብኝ» ብሎ ስም አወጣልኝ።

በዚያን ጊዜ አልማዝ ሰባት ዓመቷ ነበር። እግሮቿ በስብራቱ ብዛት ጎብጠዋል፤ ግድግዳ ይዛ ከአልጋዋ እስከ በሩ ትሄዳለች፣ ከዚያ በላይ አይሆንላትም። ከበደ ከአሮጌ የሕፃን ጋሪ እግሩን ነቅሎ፣ ሳጥን ገጥሞበት፣ ውስጡን በስፖንጅ አልብሶ ጋሪ ሠራላት። ጋሪው ግን ከግቢያችን ወጥቶ አያውቅም። ትምህርት ቤትም ልጆች ይገፏታል ብዬ አላስገባኋትም። ቀኑን ሙሉ በመንገዱ በኩል ባለው መስኮት ተቀምጣ አላፊ አግዳሚውን ታዋራለች። ሰው በእግሩ ኮቴ ብቻ ማን እንደሆነ ትለያለች። እግዜር ከአጥንቷ የቀነሰውን ምላሷ ላይ ነው የጨመረው። ሌላው ቢሰበርም አፏ አልተሰበረም ይላል አባቷ።

አንድ ቅዳሜ የድጋፍ ሰልፍ ተጠራ። ለምን እንደነበር እንኳ ረስቼዋለሁ፤ በዚያ ዘመን መቼም ሰልፍ አይጠፋም። ዋዜማውን መኪና በድምፅ ማጉያ እየለፈፈ ሰፈሩን ሲያካልል ዋለ። ሠራተኛ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር፣ ነዋሪ ከቀበሌው ጋር ወደ አብዮት አደባባይ ይወጣል። መቅረት ጠብ መፈለግ ነው። ከበደ አሰብ ነበር፤ ስለዚህ አልማዝን ለጎረቤታችን ለእማማ ትርንጎ ሰጥቼ ልሄድ ሆነ። እማማ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ቀበሌው ከእንዲህ ያለው ጉዞ ነፃ አድርጓቸዋል። ደግ ናቸው፤ ምላሳቸው ግን ከኔ ይብሳል።

«እማማ፣ አደራ። ካነሷት መዳፍዎን ዘርግተው ከሥር ነው» አልኳቸው።

«አውቃለሁ።»

«ብብቷን እንዳይዙ።»

«አውቃለሁ አልኩሽ እኮ! ስንት ልጅ አሳድጌያለሁ።»

«የእርስዎ ልጆች አጥንት ነበራቸዋ!»

«ሂጂ ወዲያ! ረፍዶብሻል።»

ከግቢ እንዳያወጧት ብዬ አልነገርኳቸውም። ወጥታ የማታውቀውን ልጅ እንዴት ብዬ ላስበው?

አደባባዩ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሰው ከሰው ተጣብቋል፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ማርሹ ይደለቃል። እኔ ቁመቴ ረጅም ስለሆነ የፋብሪካችንን መፈክር አንዱን ዘንግ የምይዘው ሁልጊዜ እኔ ነኝ። ዘንጌን አቅፌ ቆሜ ሳለ የሰፈራችን ቀበሌ ሰልፈኞች በአጠገባችን እየተገፉ ሲያልፉ አየሁ። መሀላቸው ጎረቤታችን ጋሽ ተካ አሉ፤ የመጋዘን ዘበኛ ናቸው።

«ጋሽ ተካ! ሰፈር ደህና ነው? ልጄን አይተዋታል?» ብዬ ጮህኩ።

«አልማዝን? አልማዝማ ሰልፍ ላይ ናት!»

«ምን አሉኝ?»

«ሰልፍ ላይ ናት እኮ! እማማ ትርንጎ በጋሪዋ ይዘዋት ወጥተው! ከፊት ናት፣ ከሁሉም ፊት!»

ሌላ ቃል ሳልጨምር ሰዉ እየገፋ ይዟቸው ሄደ። ባርኔጣቸው ብቻ ለጥቂት ጊዜ ታየኝ፣ ከዚያ እሱም ጠፋ።

እናንተዬ፣ ደሜ ቀጥ አለ! ፊት ማለት ሕዝቡ ሁሉ ከኋላ የሚገፋው ቦታ ነው። ደህናው ሰው እንኳ ጎኑን ታሞ ነው የሚመለሰው። በእቅፍ ብቻ የምትሰበረው ልጄ፣ በዚያች ሳጥን ውስጥ፣ በዚያ ሁሉ ጉልበትና ክርን መሀል! እማማ ትርንጎ አብደዋል አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

የሠራተኛ ማኅበራችን ሊቀመንበር ጓድ ታዬ አጠገቤ ነበር። ዘንጉን እጁ ላይ አስደገፍኩት።

«ያዝ!»

«ጓድ አስካለ! የት ነው? ሰልፍ እየተካሄደ?»

«ልጄ ፊት ናት!»

ጓድ ታዬ ቁመቱ አጭር ነው። ዞር ብዬ ሳይ መፈክሩ በአንድ ጎን ወርዶ ተጨማድዷል፤ ከጽሑፉ ሁሉ «ይውደም» የሚለው ብቻ ይነበባል። በሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር።

እየተሹለከለኩ፣ እየተሰደብኩ ወደ ፊት ሄድኩ። ገመድ የተወጠረበት ቦታ ስደርስ አንድ ወጣት አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን አግድሞ አቆመኝ።

«ወደ ኋላ!»

«ወንድሜ፣ ልጄ እዚያ ናት። አጥንቷ ይሰበራል!»

«የማን አጥንት ነው የማይሰበር?»

እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ልጁ ግራና ቀኝ አየና ገመዱን ብድግ አድርጎ «ቶሎ በይ» አለኝ። ዕድሜ ይስጠው፣ ዛሬም ድረስ እመርቀዋለሁ።

ፊት ያሉትን ሁሉ ጠየቅሁ። በጋሪ ያለች ልጅ? ሳጥን የመሰለ ጋሪ? ያየ የለም። አንዲት ነጠላዋን አናቷ ላይ የጣለች ሴትዮ ግን፣ «ጋሪ እንኳ አላየሁም። ትንሽ ልጅ ወድቃ ተሸክመው ወደ ነርሶቹ ድንኳን ሲወስዷት ነው ያየሁት» አለችኝ።

እንዴት ድንኳኑ ጋ እንደደረስኩ አላውቅም። ስገባ አንድ አልጋ ላይ በነጭ አንሶላ የተሸፈነች ልጅ ተኝታለች። ቁመቷ የልጄ ነው። የድንኳኑን ምሰሶ ያዝኩ።

ነርሷ «እናቷ ነሽ?» አለችኝ።

«ምኗ ነው የተሰበረው?»

«ኧረ ምንም አልተሰበረ! ፀሐይ መትቷት ራሷን ስታ ነው።»

አንሶላው ተንቀሳቀሰ። ጉንጯ ሞላ ያለ፣ ብርቱካን አፏ ውስጥ የወተፈች የማላውቃት ልጅ ቀና ብላ፣ «እኚህ ሴትዮ ማናቸው?» አለች።

ደስ አለኝ ብዬ አልዋሻችሁም። የኔ አለመሆኗን ሳውቅ እፎይ አልኩ፤ ወዲያው ደግሞ የኔዋ አሁንም ሰው መሀል ናት ማለት እንደሆነ ሲገባኝ ሌላ ለቅሶ ጀመርኩ። ነርሷ ውኃ አጠጣችኝና «የንፋስ ስልክ ቀበሌዎች አልፈው ወደ ሰፈራቸው እየተመለሱ ነው። እዚህ ከምትንከራተቺ እነሱን ተከትለሽ ብትሄጂ ይሻላል» አለችኝ።

መንገዱ ሁሉ ተዘግቷል፤ አውቶቡስ የሚባል የለም። የፕላስቲክ ጫማዬ ሲያንሸራትተኝ አወለቅሁና በእጄ ይዤ በደብረ ዘይት መንገድ ቁልቁል ሮጥኩ። በመንገድ ሙሉ ሥራዬ ለእማማ ትርንጎ የምናገረውን ማዘጋጀት ነበር። ላንቻ ላይ ያዘጋጀሁት ስድብ ጎተራ ስደርስ አንሶ ታየኝ፤ ሌላ ጨመርኩበት። በየመሀሉ ደግሞ እግዚአብሔርን እለምናለሁ። እግሯን ብቻ ይሁን፣ እግር ይድናል፤ ጀርባዋን አደራህን እላለሁ። እናት እንዲህ ብላ ስትለምን አስቡት!

የቀበሌ ሰልፈኞቹን መንገድ ላይ ሳላገኛቸው ቀድሜያቸው ሰፈር ደረስኩ። ቤታችን ተቆልፏል። የእማማም ቤት ተቆልፏል። ጋሪው የለም። መንደሩ ጭር ብሏል፤ ውሻ እንኳ አይጮኽም። እደጃፌ ቆሜ ወዴት ልሂድ እያልኩ ሳለ ከቀበሌው ግቢ በኩል አንድ ድምፅ መጣ።

«ጋሼ! ድንጋዩን አይንኩት! የእትዬ በላይነሽ ነው!»

የልጄ ድምፅ ነው። የሕመም ጩኸት አይደለም፤ የሕመሙንማ በደንብ አውቀዋለሁ። ቁጣ ነበር።

እዚህ ላይ ያን ዘመን ለማያውቁ ወጣቶች አንድ ነገር ላስረዳ። ስኳሩም፣ ሳሙናውም፣ ሁሉ ነገር የሚገኘው ከቀበሌው ኅብረት ሱቅ ነበር። ሱቁ ሳይከፈት በፊት ሰው ተሰልፎ ይጠብቃል። ሥራ ያለበት ደግሞ ድንጋይ፣ ጣሳ ወይም የተቀደደ ዘንቢል በቦታው አስቀምጦ ይሄዳል፤ ድንጋዩ እሱን ተክቶ ይሰለፋል። በዚያ ቅዳሜ ስኳር መጥቶ ሰዉ ከአደባባይ ሲመለስ ይታደላል ተብሏል። ሰፈሩ በሙሉ ጠዋት ድንጋዩን ደርድሮ ነው የሄደው፤ እኔ ቀድሜ ፋብሪካ ገብቼ ስለነበር አልሰማሁም። ይህኛውም ስሙ ሰልፍ ነው። ያኛውም ሰልፍ፣ ይህኛውም ሰልፍ! ጋሽ ተካ ምን ያጥፉ?

ሮጬ ስደርስ ከሱቁ በር ፊት፣ ከሁሉም ፊት፣ አልማዝ ጋሪዋ ውስጥ ንግሥት ሆና ተቀምጣለች። ከፊቷ የድንጋይና የጣሳ ሰልፍ እስከ ግቢው በር ይዘልቃል፤ እማማ ትርንጎና ሌሎች አሮጊቶችና ሽማግሌዎች ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ከአደባባይ ሾልኮ ቀድሞ የመጣ አንድ ደረተ ሰፊ ሰውዬ ድንጋይ በእጁ ይዞ ቆሟል።

«ድንጋይ ድንጋይ ነው፤ የማን እንደሆነ በምን ታውቂያለሽ?» ይላታል።

«የእትዬ በላይነሽ ጎኑ ላይ ነጭ አለበት። የእርስዎ ሽቦ የታሰረበት ጣሳ ነው፣ ከዘንቢሉ በኋላ። ጠዋት ሲያስቀምጡ አይቻለሁ።»

«እውነቷን ነው!» አሉ አሮጊቶቹ በአንድ አፍ። ሰውዬው ድንጋዩን መልሶ አስቀምጦ፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ ወደ ጣሳው ሄደ።

«አልማዝ!» አልኩ።

«እማዬ፣ መጣሽ? ድንጋያችን እዚያ ከኋላ ነው። ሰልፍሽን ያዢ።»

«ሰልፍሽን ነው የምትዪኝ? ነይ ወደ ቤት!»

«አሁን አይሆንም፤ ሥራ ላይ ነኝ።»

ወደ እማማ ትርንጎ ዞርኩ። ከላንቻ ጀምሮ ያጠራቀምኩት ሁሉ አፌ ላይ ነበር። ግን ሳልጀምር ከአስፋልቱ በኩል ጫጫታ ተሰማ። ሰልፈኛው ተመለሰ! ፀሐይ የመታው፣ የራበው፣ የደከመው ሰፈር ሁሉ ስኳር ብሎ በአንድ ጊዜ ወደ ግቢው ይጎርፋል። በኛ ሱቅ ይህች ሰዓት የታወቀች ናት፤ ግፊያ፣ ስድብ፣ የተቀደደ ነጠላ። አደባባይ የፈራሁት ነገር እዚሁ መጣልኝ፤ ልጄ ደግሞ በሩ ላይ፣ መንገዳቸው መሀል ናት። ከጋሪው ፊት እጄን ዘርግቼ ቆምኩና የለመድኳትን ቃል ልጮህ አየር ሳብኩ።

ልጄ ቀደመችኝ።

«እማዬ፣ ከፊቴ ዞር በይ፣ ከለልሽኝ! እትዬ በላይነሽ፣ ነጭ ያለበት ድንጋይ፣ ከዚህ! ጋሽ ተካ፣ የእርስዎ አሮጌው ጫማ ነው፣ ከጣሳው ቀጥሎ! እትዬ ሙሉ፣ ዘንቢልዎን ነፋስ ወስዶት እማማ ናቸው የመለሱልዎት፣ እዚያው ቦታው ላይ ነው!»

ሰዉ የግቢው በር ላይ ቀጥ አለ። ስሙ የተጠራ ሰው መቼም አይገፋም፤ ያፍራላ! አንድ በአንድ እየሳቁ ወደየድንጋያቸው ሄዱ። ሁሉም በጋሪው አጠገብ ሲያልፍ ራሱ ዳር ዳሩን ይዞ ነው የሚያልፈው። የተዘረጋው እጄ ምን እንደሚሠራ አጣሁና አወረድኩት።

ጋሽ ተካ በአሮጌ ጫማቸው አጠገብ ቆመው «አላልኩሽም? ሰልፍ ላይ ናት፣ ከፊት ናት አላልኩም?» አሉኝ።

«ሰልፍ ሲሉኝ አደባባይ መስሎኝ ከተማውን አካልዬ መምጣቴ ነው!»

እማማ ትርንጎ ጉልበታቸውን ይዘው ሳቁ። «ልጄ፣ ጠዋት ቦታ ልይዝ ስወጣ መስኮት ላይ ሆና ይዘውኝ ይሂዱ ብላ አለቀሰች። ብቻዋን ትቻት ልሂድ? ደግሞ አንድ ጊዜም አላነሳኋትም፣ ጋሪውን ነው የገፋሁት» አሉ። ያ ሁሉ የተዘጋጀ ስድብ የት እንደገባ እንጃ። ሳቁ እኔንም ያዘኝና መሬት ላይ ዘፍ አልኩ።

«እማዬ! የሰው ድንጋይ ላይ ነው የተቀመጥሽው!» አለች ልጄ። ሰፈሩ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ።

የዚያን ቀን በሱቃችን ጠብ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ስኳር በመጣ ቁጥር ሰው ቤታችን ድረስ መጥቶ «አልማዝን ስጡን» ይላል። ጋሪውን የሚገፉት የሰፈር ልጆች ሆኑ፤ ጉድጓዱን መዞር፣ ድንጋዩን ማለፍ ለመዱ። ቀስ እያሉ እነዚያው ልጆች እየገፉ ትምህርት ቤት አደረሷት። ከበደ ከአሰብ ሲመለስ ልጁን መስኮት ላይ አጥቶ የደነገጠውን ድንጋጤ ብነግራችሁ ሌላ ወሬ ይወጣዋል። ጓድ ታዬም ሰኞ ዕለት እስኪ ልገምገም ብዬ ስጠብቅ «ልጅሽ ደህና ናት?» ብቻ ብሎኝ አለፈ፤ ክንዱን ግን ያሸው ነበር።

ከዚያ ወዲያ አልተሰበረችም ብዬ አላታልላችሁም። ተሰብራለች። ትምህርት ቤት ደረጃ ላይ ወድቃ እግሯ ተሰብሮ ጂፕሰም ታስራ ከርማለች። ያኔ ግን ጂፕሰሙ ላይ የሚጽፍ፣ የሚስል፣ የክፍሉን ወሬ የሚያመጣላት ልጅ ቤቱን ሞልቶት ነበር። ቤት ውስጥም ስትቀመጥ ተሰብራለች እኮ! እንዲህ ያለ ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ ጥንቃቄ ተዉ አልላችሁም፤ እኔም አልተውኩም። ሰው ግን ልጃችሁን እንዳይነካ ብቻ ሳይሆን እንዴት አድርጎ እንደሚይዛትም አሳዩት። የኔ ሰፈር ሰዎች መዳፋቸውን ዘርግተው ከሥር ማንሳት ተምረዋል፤ እኔ ሳላስተምራቸው የቆየሁት እጃቸውን ሳየው ስለምፈራ ነበር። ዛሬ አልማዝ ትልቅ ሴት ናት፤ በክራንች ትሄዳለች፣ ሠርታ ትበላለች፣ እኔን ትቆጣለች።

የዚያን ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ስኳራችንን ይዘን ገባን። ሁልጊዜ እንደማደርገው አልጋዋ ላይ አስተኝቼ ከእግር ጣቷ ጀምሬ ቀስ እያልኩ ዳሰስኳት። ቁርጭምጭሚቷን፣ ጉልበቷን፣ ጎኗን፣ ትከሻዋን። አንድ ቦታ እንኳ ፊቷን አላጨማደደችም። አላመንኳትም።

«እውነቱን ንገሪኝ፣ አልቆጣሽም። የት ነው ያመመሽ?» አልኳት።

ትንሽ አሰበችና በጎረነነ ድምፅ፣ ፈገግ ብላ፣

«ጉሮሮዬን» አለችኝ።